አመድ የለበሰ ደም

ጥይቱ ሲጮህ ገመዱን የያዙት ሰዎች ደንገጥ አሉ እንጂ አልለቀቁም። ያርጋልን አንገቱ ላይ መጫኛ አስገብተው ከቤቱ ደጃፍ እስከ ግራሩ ድረስ በጀርባው ጎትተውታል። ለሰንበት የለበሰው ነጭ ልብስ ደምና እበት ሆኗል። ቀኝ ክንዱን በመጥረቢያ እጀታ ሰብረውት ከክርኑ በታች ዝም ብሎ ይወዛወዛል። አንዱ የመጫኛውን ጫፍ ቅርንጫፉ ላይ ሊወረውር እጁን ሲያነሳ ነው ኢንስፔክተር ትሕትና ከመኪናው ዘላ የወረደችው።

ሽጉጧን ከሰማይ ወደ ሰው አወረደችው።

«ሁለተኛዋ ወደ ላይ አትሄድም» አለች። «አንተ፣ ገመዱን የያዝከው። ሚሊሺያ ነህ አይደል?»

«ነኝ። ሀብተ ሚካኤል እባላለሁ።»

«ትከሻህ ላይ ያለው ክላሽ ሰው ጠብቅበት ተብሎ ነው ወይስ ሰው ስትሰቅል እንዳይበርድህ?»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። የሳቀ ሰው ገመድ አጥብቆ አይዝም፣ ትሕትና ይሄን ታውቃለች። ሳጅን አገኘሁ፣ ሹፌሯም ረዳቷም እሱ ነው፣ በመሃል ሾልኮ ገብቶ መጫኛውን ከያርጋል አንገት አወለቀ።

«ከቀጥቃጭ ቤቱ ጀርባ ሄደሽ እዪ» አለ ሀብተ ሚካኤል። «አለነን እንደ በግ አርዶታል። አርዶ ደግሞ ደሙን አመድ አልብሶታል። በዚህ አገር አርዶ ደም የሚያለብስ ከፈላሻ ሌላ ማን አለ?»

ሌላ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ዳር ካለችው ከዚች መንደር ቤተ እስራኤሎቹ በሰማንያ ሦስት ነቅለው ሄደዋል። አሁን ዘጠና ስምንት ነው፣ ጥር። የቀሩት ቀጥቃጩ ያርጋልና ልጁ እየሩስ ብቻ ናቸው። ሰዉ ማረሻውን ለሱ ያሠራል፣ ማጭዱን ለሱ ያስላል፣ በሌላ ቀን ሰላምታም አለ። ዛሬ ግን ጎረቤቱ፣ ገበሬው አለነ ሞቷል።

አገኘሁ ያርጋልን ደግፎ ወደ መኪናው ወሰደው። በሩ ጋ ሲደርሱ ያርጋል እግሩን ተከለ።

«አልሳፈርም።»

«ምን አሉኝ?»

«ዛሬ ሰንበት ነው። መኪና አልወጣም።»

«ጋሽ ያርጋል፣ ሊሰቅሉዎት እኮ ነው። ሰንበቱን ሰማይ ቤት ሊያከብሩት ነው?»

«እዚህም አከብረዋለሁ፣ እዚያም አከብረዋለሁ» አለ ያርጋል፣ ጥርሱ መሃል ደም እየታየ።

አገኘሁ ወደ አለቃው ዞሮ «ተሸክሜ ላስገባው?» አላት በዓይኑ። ትሕትና አይሆንም ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ታስሮ ቢሄድስ? መንደሩ ፍርዱን ጨርሷል። ቤቱን ያቃጥሉታል፣ ልጅቷም እዚያው ናት።

ከሰዉ መሃል አባ ገብረ ክርስቶስ ወጡ። የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው፣ እሳቸው ሲናገሩ ሰዉ ዝም ይላል።

«ልጄ» አሏት፣ «እኛም ደማችን ፈልቷል፣ አንቺም ሥራሽ ነው። አለነን ገንዘን ቀብረን እስክንመለስ ታግሰናል። ስንመለስ ግን ወይ ገዳዩን ታሳዪናለሽ፣ ወይ ይሄን ሰው ትለቂልናለሽ።»

«ይሁን፣ አባ» አለች።

አገኘሁ አጠገቧ ጠጋ ብሎ «ምን ይዘሽ ነው ይሁን ያልሽው?» አላት።

«ገና ምንም።»

አለነ ከቀጥቃጭ ቤቱ ግድግዳ ጥግ ተጋድሟል። ጉሮሮው ከጆሮ እስከ ጆሮ ተከፍቷል። በደረቱ ሥር ማረሻ አለ፣ አዲስ የተሳለ። ያርጋል አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሥራውን ያቆማል፣ ሰንበት ከገባ ብረት አይነካም። ያልደረሰ ደንበኛ ካለ ማረሻውን ግድግዳው ጥግ ያስቀምጥለታል፣ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ይወስዳል። አለነም አርብ ማታ ለዚያ ነው የመጣው። የታረደበት ካራ እዚያው ተጥሏል። ሊሳል የመጣ የመንደር ካራ ነው፣ ቀጥቃጭ ቤቱም በር የለውም፣ ማንም አንስቶት ሊሆን ይችላል።

ትሕትና ተንበረከከች። መሬቱ በጥር ፀሐይ ደርቆ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሆኗል፣ ያለ ዶማ አንድ እፍኝ አፈር አይወጣውም። አመዱ የተበተነው በደሙ ላይ ብቻ ነው፣ በጥንቃቄ፣ በመዳፍ ተደልድሎ። የአለነ ጋቢ ጫፍ አመዱ በነካው በኩል ተኮማትሯል። ሸተተችው፣ የተቃጠለ ጥጥ ነው።

ከአመዱ ውስጥ የከሰለ ቁራጭ አነሳች። ከባድ፣ ጠማማ፣ ሥር የሚመስል።

«ሬሳውን ያገኘኸው አንተ ነህ?» አለችው ሀብተ ሚካኤልን።

«እኔ ነኝ። ጎህ ሲቀድ ላሞች ላወጣ ስል።»

«ጫማህ ላይ ደም አለ።»

«ቀርቤ ሞተ ወይስ አለ ብዬ አየሁት እንጂ ምን ላርግ? በሩቁ ልስማው?»

«የያርጋልን ጓሮ ለኔ ይሁን ብለህ ቀበሌ አመልክተሃል አሉ።»

ሀብተ ሚካኤል ቀላ። «እነሱ መሄዳቸው ካልቀረ መሬቱ ጦሙን ይደር?»

«ገና አልሄዱም እኮ። ቤትህ የቱ ነው?»

በአገጩ አመለከታት። ደጁ ላይ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ተከምሯል።

ቀጥቃጭ ቤቱ ውስጥ ገባች። ወናፉ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ምድጃው ውስጥ ያለው አመድ ጭቃ ነው፣ ውሃ ጠጥቶ ረግቷል። መሃሉ ላይ ደግሞ አራት ጣት የገባበት ጉድጓድ አለ፣ አውራ ጣቱ ለብቻው። አንድ ሰው ሊዝቅ እጁን ሰድዶ፣ ጭቃ ሆኖበት፣ መልሶ አውጥቷል። ጭቃውን የጠረገበት ምልክት ምሰሶው ላይ አለ።

ትሕትና እዚያች ጉድጓድ ላይ ብዙ ቆየች።

እየሩስ ደጃፋቸው ላይ የአባቷን ፊት ትላንት በተቀዳ ውሃ ጨርቅ እየነከረች ትጠርጋለች። አታለቅስም፣ ከንፈሯን ነክሳዋለች።

«ምድጃው ላይ ውሃ ያፈሰሰው ማነው?» አለቻት ትሕትና።

«አባዬ ነዋ። አርብ አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያጠፋዋል። ቤት ውስጥም እሳት የለንም፣ ቀዝቃዛ ነው የምንበላው። ሰው ያርፋል፣ በሬው ያርፋል፣ ሳምንቱን ሙሉ ስንጨቀጭቀው የከረምነው እሳትስ ለምን አያርፍ ይላል አባዬ። ልጅ ሆኜ እሳቱ የሚተኛ ይመስለኝ ነበር።»

«በግ ስታርዱስ? ደሙን የምታለብሱት ለምንድነው?»

እየሩስ ቀና ብላ አየቻት። ይሄን ጥያቄ በዚች መንደር ሰው ሲስቅበት እንጂ ሲጠይቀው ሰምታ አታውቅም።

«ነፍሱ ደሙ ውስጥ ነው። ሥጋውን ብሉ ተብለናል፣ ነፍሱን ግን አልተሰጠንም። ስለዚህ ለሰጪው እንመልሳለን፣ አፈር አልብሰን በክብር። ያለ ፈቃድህ አልነካሁም እንደማለት ነው።»

«የሰው ደምስ?»

ያርጋል ዓይኑን ሳይገልጥ መለሰ። «የሰው ደም አይሸፈንም። ያለ ፍርድ የፈሰሰ ደም ይጮኻል። አፈር ካለበስሽው አፉን ያዝሽው ማለት ነው። ፍርድ እስኪያገኝ ክፍቱን ይተዋል።»

«ይሄን ጎረቤቶችህ ያውቃሉ?»

«ሳለብስ ያዩኛል» አለ ያርጋል። «ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

ሐዘን ቤቱ ውስጥ ሬሳው ይገነዛል። የሟቹ ሚስት ውቢት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ፣ ደረቷን እየደቃች፣ ድምጿ ተዘግቷል። ከጓዳ የኩበት ጭስ ይመጣል። ትሕትና የአለነን ራስ አየችው፣ አዲስ የተላጨ ነው፣ ፀሐይ ያልነካው ቆዳ ነጥቶ ይታያል።

«መቼ ነው የተላጨው፣ እቴ?»

«ትላንት ጠዋት። እኔ ነኝ የላጨሁት» አለች ውቢት። «አባቱን አዲ አርቃይ መንገድ ላይ ከገደሉበት ጀምሮ ምላጭ አላስነካም ነበር። ደሜን ሳልመልስ አልላጭም ብሎ ምሎ ነው። አሁን ሽማግሎቹ ገብተው፣ ነገ እሁድ ደም ሊያደርቁ፣ መስቀል መትተው ከገዳዮቹ ወገን ሊታረቁ ነበር። እኔ ነኝ የለመንኩት። ልጆቼ ሲያድጉ ጠመንጃ አይውረሱ አልኩት። እሺ አለኝ።»

«ማታ ሳይመለስ ሲቀር አልፈለግሽውም?»

«ከሽማግሎቹ ዘንድ ያድራል ብዬ።»

«ወንድሙ ገዱስ? በእርቁ ተስማምቷል?»

«እሺ ብሏል። ምን ምርጫ አለው፣ ታላቁ አለነ ነው። የሱ ቃል የቤቱ ቃል ነው።»

ገዱ የሐዘን ቤቱ ግቢ ውስጥ ለብቻው ቆሟል። በጎቹን ላይ ደጋው፣ አምባራስ በኩል ስለሚያሰማራ እዚህ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው። ቤቱ እዚያው ግቢ ዳር፣ ከቀጥቃጭ ቤቱ አጥር ቀጥሎ ነው። ደጁ ላይ ከላይ በአህያ ያወረደው የአስታ፣ የደጋው ቁጥቋጦ፣ ሥር ተቆልሏል። ሹራብ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ስቦታል።

«እግዜር ያጥናህ» ብላ ትሕትና እጇን ዘረጋችለት።

ገዱ ግራ እጁን ሰጣት። ቀኙ ጋቢው ውስጥ ነው። ሌላው ዘመድ ሁሉ በሁለት እጁ ደረቱን ሲመታ እሱ ብቻ በአንድ እጁ ነው የሚመታው።

«ወንድሜን የገደለውን ይዘሽ ቆመሽ ትጠይቂኛለሽ» አላት።

«ልማዴ ነው። ትላንት ማታ የት ነበርክ?»

«ቤቴ። በጊዜ ነው የተኛሁት።»

«እሳት አንድደሃል? ብርድ ነበር።»

«ምን እሳት ይዘሽ መጣሽ ደግሞ? የሞተው በእሳት ነው?»

በቤቱ ክፍት በር አሻግራ አየች። ምድጃው ተጠርጓል፣ ንጹሕ ነው። ሚስት የሌለው ሰው፣ ወንድሙ በሞተ ጠዋት ምድጃውን ጠርጓል።

ከቀብር ሲመለሱ ሙሾው ቀርቶ ዱላው በዝቷል። አንዳንዱ ክብሪት ይዟል። ያርጋል ግቢ ሞላ፣ አጥሩ ላይ ሳይቀር ተቀምጠዋል። አባ ገብረ ክርስቶስ ድንጋይ ላይ፣ ውቢት መሬት ላይ፣ ሀብተ ሚካኤልና ገዱ ፊት ለፊት። ያርጋል ክንዱን በልጁ ነጠላ አንጠልጥሎ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«በይ ስጪን» አለ አንዱ ከአጥሩ ላይ።

«አንድ ጥያቄ መልሱልኝና» አለች ትሕትና። «ያርጋል ገዳይ ነው የምትሉት ደሙ ስለለበሰ ነው። እሺ። በግ ሲያርድ ደሙን ያለብሳል፣ ነፍሱን ለሰጪው መመለሱ ነው። የሰው ደም ግን በነሱ ሥርዓት አይለበስም። ያለ ፍርድ የፈሰሰ ደም ይጩህ ተብሎ ክፍቱን ይተዋል። እንግዲህ ያርጋል ሥርዓቱን ጠብቆ ቢገድል ኖሮ ደሙን አያለብሰውም።»

ሀብተ ሚካኤል ሳቀ። «ሰው ያረደ ሰው ሥርዓት ይጠብቃል? ቄስ ነው እንዴ?»

«ጥሩ ብለሃል። ሥርዓቱን ከጣሰውስ? ለሥርዓቱ ካልተጨነቀ ለምን ተንበርክኮ በመዳፉ ደለደለው? ደጁ ላይ ‹እኔ ነኝ› ብሎ ሊጽፍ? በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ያርጋል አይወጣላችሁም። የሚወጣው ያርጋል ሲያለብስ አይቶ፣ ለምን እንደሚያለብስ ያልጠየቀ ሰው ነው።»

«እሱማ ሁላችንም ነን» አሉ አባ ገብረ ክርስቶስ ቀስ ብለው።

«አዎ አባ፣ ሁላችሁም ናችሁ። ስለዚህ ወደ አመዱ እንሂድ። መሬቱ ደርቋል፣ አፈር አይዛቅም። ገዳዩ ቀጥቃጭ ቤት መቼም አመድ አይጠፋም ብሎ እጁን ምድጃው ውስጥ ሰደደ። ጭቃ። ጣቱ የገባበት እስካሁን አለ፣ የጠረገበት ምሰሶም አለ። ያርጋል አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን በውሃ ያጠፋል፣ ውሃውን ያፈሰሰው ራሱ ነው። ራሱ ያጨቀየውን አመድ በጨለማ ይዳብሳል?»

 አጥሩ ላይ የነበረ አንዱ ወርዶ ወደ ምድጃው ሄደ፣ አየና ተመልሶ እውነቷን ነው ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ገዳዩ አመዱን ከሌላ ቤት አመጣ። ትኩስ ረመጥ ነበር፣ የአለነን ጋቢ አቃጥሎታል። ያርጋል ቤት አርብ ማታ ፍም የለም። ፍም ያለው የናንተ ቤት ነው።» ያን የከሰለ ቁራጭ ከኪሷ አውጥታ ለሽማግሌው ሰጠች። «ይሄ የምን እንጨት ነው፣ አባ?»

አገላብጠው አዩት። በጥርሳቸው ነከስ አደረጉት።

«የአስታ ሥር ነው።»

«ውቢት ቤት ኩበት ነው የሚነደው። ሀብተ ሚካኤል ቤት ባሕር ዛፍ ነው። ሀብተ ሚካኤል መሬቱን ፈልጓል፣ ሰው ለመስቀልም ቸኩሏል፣ ግን ይሄን አመድ አላመጣም። አስታ የሚወርደው ከላይ ነው፣ ከአምባራስ በኩል። እዚህ ሰፈር አስታ የሚያነድ ማነው?»

ዓይን ሁሉ ገዱ ላይ አረፈ። ገዱ አልተንቀሳቀሰም።

«ረመጥ በእፍኝ የዛቀ ሰው እጁ ይመሰክራል» አለች ትሕትና። «ገዱ፣ ከጠዋት ጀምሮ በግራህ ነው የምትጨብጠው። ቀኝህን አሳየን።»

«አላሳይም።»

አገኘሁ ሊይዘው ሲጠጋ ገዱ በክርኑ አፍንጫውን መታው፣ ደሙ ፈሰሰ። ሁለት ጎረምሶች ተረባርበው ጋቢውን ገፈፉት። መዳፉ አብጦ ውሃ ቋጥሯል፣ መሃሉ ተልጧል። በትግሉ ቆቡ ወደቀ። ጸጉሩ ተንጨባርሮ ትከሻውን ነካ።

«አለነ ለእርቁ ተላጨ» አለች ትሕትና። «አንተ በአፍህ እሺ ብለህ ጸጉርህን ደብቀህ ቆየህ።»

ገዱ ወደ ውቢት ዞረ እንጂ ወደሷ አላየም።

«አባቴ መንገድ ላይ አንጀቱን ይዞ ነው የሞተው» አለ። «እኔ ነኝ ያነሳሁት። አለነ ተላጭቶ፣ ማረሻ ይዞ፣ ‹ገዱ በቃን፣ እንረስ› አለኝ። እንረስ። ጉሮሮውን ስይዘው እንኳ አልታገለኝም። የተጫወትኩ ነው የመሰለው።»

ውቢት ከመሬት ተነሳች። አልጮኸችም። ድንጋይ አንስታ ፊቱን መታችው፣ ቅንድቡ ተከፈለ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደመታ አይታወቅም። ጠዋት ለያርጋል የመጣው ዱላ፣ ያው ዱላ፣ ገዱ ላይ ወረደ። ትሕትና ወደ ላይ ተኮሰች፣ አንዱ ከኋላ በዱላ ክንዷን መትቶ ሽጉጡን አስጣላት። አገኘሁ ሰው እግር ሥር ገባ። ገዱ በአራት እግሩ እየዳኸ፣ እየተረገጠ፣ መውጫ አጣ። ያገኘው ክፍት በር አንድ ነው። በያርጋል አጠገብ ሾልኮ ያርጋል ቤት ገባ።

ያርጋል ተነሳ። በደህና እጁ መቃኑን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

ሰዉ ደጃፉ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ጋሼ ያርጋል፣ ዞር በል» አለ ሀብተ ሚካኤል። ጋሼ ሲለው የመጀመሪያው ነው። ክላሹን ከትከሻው አውርዷል። «ካንተ ጠብ የለንም። አጥፍተናል፣ እንክሳለን። አሁን ዞር በል።»

«አንተን ሊያሰቅልህ ነበር እኮ» አለ ሌላው። «ለሱ ነው የምትቆመው?»

«ለሕግ ስጡት» አለች ትሕትና፣ ክንዷን ይዛ፣ ሽጉጧን በዓይኗ እየፈለገች። የሰማት የለም።

ክብሪት ተጫረ። አንዱ ከሣር ክዳኑ ሥር ይዞት ቆመ።

እየሩስ የአባቷን ልብስ ያዘችው። ቀኑን ሙሉ ያላለቀሰችው አሁን አለቀሰች።

«አባዬ» አለችው፣ «ዞር በልላቸው። እባክህ። ቤታችን ነው የሚቃጠለው። ለሱ ብለህ አትሙትብኝ።»

ከውስጥ የገዱ ትንፋሽ ይሰማል፣ እንደታነቀ በግ። ያርጋል ልጁን አየ፣ ክብሪቱን አየ፣ ያችን ድንጋይ እንደያዘች የቆመችውን ውቢትን አየ። እግሩ ግን ገና የበሩ ደፍ ላይ ነው።

እናንተ እሱ ቦታ ብትቆሙ፣ ልጃችሁ ልብሳችሁን ይዛ፣ ከበሩ ዞር ትሉ ነበር?